የ400 ሰው የቴክኖሎጂ ጉባኤ ከደብረ ማርቆስ ወደ ኢንተርኔት ማዛወር፤ በ2 ሜጋ አፕሎድ ይቻላል?

ማርቆስ_አዘጋጅ (ጠያቂ)
የካቲት 8 ቀን 2013

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። መጋቢት 25 እና 26 ደብረ ማርቆስ ላይ ልናካሂደው የነበረው የቴክኖሎጂ ጉባኤ በኮቪድ ምክንያት ሙሉ በሙሉ ወደ ኢንተርኔት እንዲዛወር ተወስኗል። አዳራሹ የተያዘው ለ400 ሰው ነበር። በእጃችን ያለው 24 ንግግር (እያንዳንዱ 30 ደቂቃ) እና 3 የተግባር ሥልጠና ነው። አምስት ተናጋሪዎች ከአሜሪካና ከጀርመን ናቸው፤ የቀሩት ከባሕር ዳር፣ ከአዲስ አበባና ከዚሁ ከማርቆስ። ተሳታፊው በአብዛኛው ተማሪ ስለሆነ በስልክ ዳታ የሚከታተለው ይበዛል።

የቢሯችን መስመር ሲለካ ዳውንሎዱ (የምንቀበልበት ፍጥነት) በሰከንድ 8 ሜጋ ቢት፣ አፕሎዱ (የምንልክበት) 2 ሜጋ ቢት አካባቢ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ይወርዳል። መብራት መቼ እንደሚጠፋ አይታወቅም። የታሰበው ሁሉንም በዙም አስገብቶ በዩቲዩብ በቀጥታ ማስተላለፍ ነበር። የጊዜ ሰሌዳውን እንዳለ ይዘን መቀጠል እንችላለን? መስመሩስ ይችለዋል? በዚህ ሥራ ያለፋችሁ፣ ቁጥሩን ጭምር ብትነግሩን እናመሰግናለን።

ፖሊ_ቪዲዮ (ባሕር ዳር)
የካቲት 8

የጊዜ ሰሌዳውን ተዉት፤ እሱ የተሠራው ለአዳራሽ ነው። በአዳራሽ ንግግሩና ጥያቄው አብረው የሚሄዱት ተናጋሪው የሚመጣው አንድ ጊዜ ስለሆነ ነው። በኢንተርኔት ንግግሩ ሳምንት ቀድሞ ሊደርስ ይችላል። በዕለቱ የግድ በቀጥታ መሆን ያለበት ጥያቄና መልሱ ብቻ ነው። ስለዚህ 24ቱንም ንግግር አስቀድማችሁ አስቀርጹ።

ለዚህ ከኛው አገር ጋር የተያያዘ ምሳሌ አለ። አይሲኤልአር የሚባለው ትልቅ የማሽን ለርኒንግ ጉባኤ በሚያዝያ 2012 አዲስ አበባ ላይ ሊካሄድ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ከዚያ በፊት አፍሪካ ውስጥ ተካሂዶ አያውቅም። ወረርሽኙ መጣና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ኢንተርኔት ዞረ። ከ680 በላይ ጥናት ነበረው። ፖስተር አቅራቢዎች የ5 ደቂቃ ቪዲዮ ቀድመው አስገቡ፤ ውይይቱ ደግሞ በዙም ለእያንዳንዱ ጥናት በሁለት የተለያዩ ሰዓቶች ተደረገ፣ እስያ ላለውም አሜሪካ ላለውም አንዱ እንዲመቸው። የተሳታፊው ቁጥር ከ5,600 በለጠ። ብራስልስ ላይ በየዓመቱ የሚደረገው የነፃ ሶፍትዌር ጉባኤ ፎስደምም ጥር 29 እና 30 በዚሁ መንገድ ነው የሄደው፤ ንግግሩ ተቀርጾ ይታያል፣ ተናጋሪው በዚያው ሰዓት ቻት ላይ ሆኖ ይመልሳል፣ ከዚያ በቀጥታ ይጠየቃል። ይህን መንገድ የመረጡት መስመር ያልቸገራቸው ሰዎች ናቸው። እኛ ዘንድ ደግሞ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ሰላሳውን ደቂቃ ወደ 18 አውርዱት፤ ከዚያ 10 ደቂቃ የቀጥታ ጥያቄ፣ 5 ደቂቃ መሸጋገሪያ። ያቺን 5 ደቂቃ አትቁረጧት፤ የሚቀጥለው ሰው ማይኩ የሚሞከረው በእሷ ውስጥ ነው።

ለተናጋሪዎች የምትልኩት መመሪያ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፦ ቪዲዮው 1280 በ720፣ 25 ፍሬም በሰከንድ፣ ኤምፒ4። ብቻቸውን ዙም ውስጥ ገብተው ስክሪን ሼር አድርገው ሪኮርድ ቢሉ ይበቃል። ድምፁ ላይ ግን አጥብቁ። ሰው የደበዘዘ ሥዕል ይታገሣል፤ የሚያስተጋባ ድምፅ ግን በሁለት ደቂቃ ያባርረዋል። የላፕቶፑ ማይክ የክፍሉን ማስተጋባትና የፋኑን ጩኸት ሁሉ ይሰበስባል፤ ከስልክ ጋር የሚመጣው ባለ ገመድ ኢርፎን ማይክ ከሱ ይሻላል። ክፍሉ ባዶ ግድግዳ ሳይሆን መጋረጃና አልጋ ያለው ይሁን። መጀመሪያ የአንድ ደቂቃ ናሙና እንዲልኩ አድርጉ፤ ናሙናውን ሰምታችሁ ሳታጸድቁ ሙሉውን እንዳይቀርጹ።

ፋይሉን በቴሌግራም ተቀበሉ፤ እስከ 2 ጊጋ ባይት ይቀበላል። ግን እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ፣ አለዚያ ቴሌግራም ራሱ ይጨምቀውና የስላይዱ ጽሑፍ አይነበብም። የ18 ደቂቃ ቪዲዮ በ1.5 ሜጋ ቢትሬት (ቪዲዮው በሰከንድ የሚይዘው የዳታ መጠን፣ በሜጋ ቢት) 200 ሜጋ ባይት ያህል ይሆናል፤ 24ቱ ሲደመሩ ወደ 4.8 ጊጋ ናቸው። በ2 ሜጋ አፕሎድ ይህን ዩቲዩብ ላይ ለመጫን ያለ መቋረጥ ከ5 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ስለዚህ ሌሊት ሌሊት ጫኑት። ከመጫናችሁ በፊት የሁሉንም ድምፅ ወደ ኔጌቲቭ 16 ሉፍስ (የድምፅ ጉልህነት መለኪያ) አስተካክሉ፣ ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ውስጥ ላውድነስ ኖርማላይዜሽን የሚለው ነው። ይህ ካልተደረገ አንዱ ተናጋሪ ሹክ ሲል ተከታዩ ጆሮ ይበሳል።

የመጨረሻው ቀን መጋቢት 8 ይሁን። ከአሥሩ ሁለት ሦስቱ መዘግየታቸው አይቀርም፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት ለነሱ ናቸው።

ስላይዱ አማርኛ ከሆነ፣ በሌላ ሰው ኮምፒውተር የሚከፈት ማንኛውም ፋይል ፒዲኤፍ ይሁን። በዩኒኮድ የተጻፈው ፊደሉ በሌለበት ማሽን ላይ ባዶ ሳጥን ይሆናል፤ በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈው ደግሞ ወደ ተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ይለወጣል።

ጮቄ_ኔት
የካቲት 9

ፖሊ_ቪዲዮ ያለው ላይ መስመሩን ልጨምር።

አንድ ጊዜ የተለካ «2 ሜጋ» ብዙም አይነግራችሁም። በሥራ ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓትና ከምሽቱ 11 ሰዓት ለአንድ ሳምንት ለኩ፤ የምትይዙት ዝቅተኛውን ቁጥር ነው እንጂ አማካዩን አይደለም። የቀጥታ ሥርጭቱ ቢትሬት ከዚያ ዝቅተኛ ቁጥር ከግማሽ ብዙም አይለፍ። ከሰዓት በኋላ 1.2 ሜጋ ከሆነ የምትልኩት 600 ኪሎ ቢት ነው ማለት ነው። በዚህ ዓመት (2013) የዩቲዩብ ምክር ለ360ፒ (ዝቅተኛ የሥዕል ጥራት) ከ400 እስከ 1,000፣ ለ720ፒ (ከፍ ያለ ጥራት) ከ1,500 እስከ 4,000 ኪሎ ቢት ነው። ስለዚህ ከቢሯችሁ የሚወጣው 360ፒ ነው፤ በዚያ ላይ የኮድ ስላይድ አይነበብም።

መፍትሔው ሥርጭቱን የሚልከውን ማሽን ከማርቆስ ማውጣት ነው። ጉባኤው የማርቆስ ስለሆነ ኦቢኤሱ (ቪዲዮውን አቀናጅቶ በቀጥታ የሚያሰራጨው ፕሮግራም) የግድ ማርቆስ መቀመጥ የለበትም። ከጀርመን ተናጋሪዎቻችሁ አንዱን ወይም የነሱን ጓደኛ ለምኑ፤ እዚያ ተራ የቤት መስመር 10 ሜጋ አፕሎድ ቢኖረው ከበቂ በላይ ነው። የተቀረጹት ቪዲዮዎች እሱ ማሽን ላይ ቀድመው ይወርዳሉ፣ በኦቢኤስ ሚዲያ ሶርስ አድርጎ ያጫውታቸዋል፤ በጥያቄው ጊዜ የዙሙን መስኮት ያሳያል። እናንተ ከማርቆስ የምትልኩት የአወያዩን ፊትና ድምፅ ብቻ ይሆናል። ዙም ለቡድን ስብሰባ ጥሩ ጥራት ላለው ቪዲዮ አፕሎዱ 1 ሜጋ ቢት፣ ዳውንሎዱ 600 ኪሎ ቢት፣ ለድምፅ ብቻ ከ60 እስከ 80 ኪሎ ቢት ነው የሚፈልገው፤ መስመሩ ሲደክም ካሜራውን ዘግቶ በድምፅ መቀጠል ይቻላል።

የኦቢኤስ ሴቲንግ፦ ሲቢአር (የማይለዋወጥ ቢትሬት)፣ ለ720ፒ 2,000 ኪሎ ቢት፣ ኪይፍሬም 2 ሰከንድ፣ ፕሪሴቱ ቬሪፋስት፣ ድምፁ 128 ኪሎ ቢት በ48 ኪሎ ኸርዝ። እዚያው ማሽን ላይ ቅጂም ይቀረጽ፣ ግን ኤምኬቪ በሚባለው የፋይል ዓይነት። ኤምፒ4 እየተቀረጸ ኃይል ቢቋረጥ ወይም ማሽኑ ቢደርቅ ፋይሉ መጨረሻው ስላልተጻፈ አይከፈትም፤ ኤምኬቪው ግን እስከተቋረጠበት ድረስ ይተርፋል። በኋላ ኦቢኤስ ራሱ በሪመክስ ወደ ኤምፒ4 ይቀይረዋል።

ስታትስ የሚለው መስኮት ሁልጊዜ ክፍት ይሁን። በኔትወርክ የሚጣሉ ፍሬሞች ከጨመሩ ቢትሬቱን ዝቅ ማድረግ ነው። በኢንኮዲንግ የሚዘለሉ ከሆነ ችግሩ ፕሮሰሰሩ ነው፤ መስመር መቀየር ምንም አይረዳም። ሁለቱን አምታቶ ራውተር እየነቀለ የሚሰካ ቡድን ሥርጭቱን ራሱ ይገድለዋል።

ድምፅ የሚበላሽበት ዋናው ምክንያት ደግሞ ይህ ነው፦ ዙም ውስጥ የገባው ተናጋሪ ጎን ለጎን ዩቲዩቡን ከፍቶ ይተዋል። ዩቲዩብ በሎው ሌተንሲም (መዘግየቱን በሚቀንሰው ምርጫ) ቢሆን በርካታ ሰከንድ ወደ ኋላ ስለሚቀር ሰውየው የተናገረው ተመልሶ በራሱ ማይክ ይገባል። አወያዩ ከማስተዋወቁ በፊት «ዩቲዩቡን ዘግተዋል?» ብሎ ይጠይቅ። አልትራ ሎው የሚለውን አትምረጡ፤ መዘግየቱን ቢያሳጥርም በስልክ ዳታ የሚያየው ሰው ላይ በየደቂቃው ይሽከረከራል።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች፦ አዲስ የዩቲዩብ ቻናል ላይቭ ሲከፈትለት እስከ 24 ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ ዋዜማው ላይ አትጀምሩት። በዕረፍት ሰዓት የባለመብት ሙዚቃ አታጫውቱ፤ ዩቲዩብ ለይቶ ሥርጭቱን ሊያቆመው ይችላል።

ዓባይ_ማዶ
የካቲት 9

ጮቄ_ኔት ትክክል ነው፣ አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም። ሥርጭቱን በሙሉ ሩቅ አገር ላለ አንድ ሰው መስጠት አደጋ ነው። እሱ ቢታመም ወይም ማሽኑ ቢደርቅ ማርቆስ ያለው ቡድን ቆሞ ተመልካች ይሆናል። ሁለተኛ ሰው ባሕር ዳር ላይ፣ የተሻለ የካምፓስ መስመር ባለበት፣ ያው ቪዲዮና ያው የኦቢኤስ ሲን ፋይል (የስክሪኑ አቀማመጥ የተቀመጠበት) ተጭኖለት ይቀመጥ። ዩቲዩብ ዋናና መጠባበቂያ የሚባሉ ሁለት የመላኪያ አድራሻዎች ይሰጣል፤ የባሕር ዳሩ በመጠባበቂያው ይላክ። ሁለቱም በአንድ የሥርጭት ቁልፍ (ዩቲዩብ ለቻናሉ የሚሰጠው የይለፍ ኮድ) ወደ ዋናው አድራሻ ከላኩ ግን ሥዕሉ እየተቆራረጠ ይጋጫል። ቁልፉን በቡድን ቻት አትለጥፉ፤ እሱን ያገኘ ሁሉ በቻናላችሁ ማሰራጨት ይችላል።

ወደ ተሳታፊው ልመለስ፤ እስካሁን የተነገረው በአብዛኛው ላኪውን የሚመለከት ነው። ተማሪው የሚከፍለው ዳታ ነው። 360ፒን በ600 ኪሎ ቢት ብታስሉት በሰዓት 270 ሜጋ ባይት ይበላል። ሁለት ቀን፣ በቀን 6 ሰዓት ቢከታተል ከ3.2 ጊጋ በላይ ነው። ይህንን ከኪሱ የሚያወጣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ጥቂት ነው፤ ዳታው ሲያልቅበትም ማንም ሳያውቅለት ይወጣል።

ስለዚህ ንግግሩን ከጉባኤው አንድ ሳምንት ቀድማችሁ በቴሌግራም ቻናል በሦስት መልክ ልቀቁት። አንደኛው 360ፒ ቪዲዮ ነው፤ በ400 ኪሎ ቢት ከድምፁ ጋር 18 ደቂቃው 63 ሜጋ ባይት አካባቢ ይሆናል፤ ሃንድብሬክ የሚባለው የቪዲዮ መጭመቂያ ፕሮግራም በቀላሉ ያወጣዋል። ሁለተኛው ድምፅ ብቻ ነው፤ በሞኖ 32 ኪሎ ቢት ከ4 ሜጋ ባይት ብዙም አይበልጥም፣ 24ቱም ተደምረው 100 ሜጋ ባይት አካባቢ ናቸው። ሦስተኛው የስላይዱ ፒዲኤፍ ነው። ድምፅና ፒዲኤፍ ያወረደ ልጅ ጥያቄ ለመጠየቅ ምንም አይጎድለውም። በዕለቱ ዳታውን ለጥያቄና መልሱ ብቻ ያወጣል።

ጥያቄውን በጽሑፍ በቴሌግራም ግሩፕ ተቀበሉ እንጂ ዙም ውስጥ እጅ አታስወጡ። ማይኩን እስኪከፍት፣ «ይሰማል?» እስኪባባል፣ ከአሥሩ ደቂቃ አራቱ ይሄዳል። ለእያንዳንዱ ንግግር ሁለት ሰው መድቡ፦ አንዱ ከግሩፑ ጥያቄ እየመረጠ ወደ አንድ የጋራ ሰነድ ይገለብጣል፣ ሌላው ከዚያ እያነበበ ይጠይቃል። አንድ ሰው ሁለቱንም ልሥራ ቢል ስልኩን ሲያይ ተናጋሪው ዝም ብሎ ይጠብቀዋል።

ዙሙ ውስጥ የሚገቡት ተናጋሪዎችና አወያዮች ብቻ ይሁኑ፣ ከ15 ሰው አይብለጡ። ነፃው ዙም በ40 ደቂቃ ስለሚዘጋ አንድ የተከፈለበት አካውንት የግድ ነው። ፓስኮድና ዌይቲንግ ሩም (ሆስቱ እስኪያስገባ የሚጠበቅበት) ይኑር፣ ስክሪን ሼር ለሆስት ብቻ ይሁን፣ ሊንኩ የትም አይለጠፍ። ወረርሽኙ እንደጀመረ ብዙ ስብሰባ በሰርጎ ገቦች የተበጠበጠው ሊንኩ ለሁሉም በሚታይ ቦታ ስለተለጠፈ ጭምር ነው።

አሁን ሰዓቱ። ማስታወቂያው ላይ «3 ሰዓት» ብቻ ብላችሁ ከጻፋችሁ ውጭ ያለው ተናጋሪ ስድስት ሰዓት ይስታል። «ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በፈረንጅ 9፡00፣ በዓለም አቀፍ ሰዓት 6፡00» ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ የባሰው ወጥመድ የነሱ ሰዓት መቀየሩ ነው። አሜሪካኖቹ ዘንድሮ መጋቢት 5፣ አውሮፓውያኑ መጋቢት 19 አንድ ሰዓት ወደ ፊት ያደርጋሉ። ዛሬ ከካሊፎርኒያ ጋር ያለን ልዩነት 11 ሰዓት ነው፤ በጉባኤው ቀን 10 ይሆናል። ከጀርመን ጋር ያለው ከሁለት ወደ አንድ ይወርዳል። አሁን የተላከ የቀጠሮ ወረቀት ይህን ካላገናዘበ ተናጋሪው አንድ ሰዓት ተሳስቶ ይገባል። የአሜሪካኖቹን ጥያቄና መልስ ከ11 ሰዓት ምሽት በኋላ አድርጉት፤ ያኔ ካሊፎርኒያ ላይ ማለዳ 7፡00 ነው። ጠዋት ላይ ብታደርጉት ግን እነሱ ዘንድ እኩለ ሌሊት ይሆናል።

ማርቆስ_አዘጋጅ
የካቲት 10

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ብዙ ነገር ተለወጠልን። ማስቀረጹን ተቀብለናል፤ የጀርመኑም ሰው ተገኝቷል። ሁለት ነገር ቀርቶናል። ሦስቱ የተግባር ሥልጠናዎች (ሁለቱ ፓይተን፣ አንዱ የኔትወርክ) ተቀርጸው የሚሆኑ አይደሉም፤ እንዴት እናድርጋቸው? አወያዩ የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ መብራት ቢጠፋስ?

ዳሞት_ላብ (ቡሬ)
የካቲት 10

ሥልጠና ላይ የመጀመሪያው የሚወድቀው ኢንስታሌሽኑ ነው። መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ፓይተንና ላይብረሪዎቹን ከኢንተርኔት ላውርድ ሲል ግማሹ ሰዓት በዚያ ያልቃል። ዊንዶውስ 64 ቢት ላይ የሚጫነውን ፓይተንና የሚያስፈልጉትን ዊል ፋይሎች (የፓይተን ላይብረሪ መጫኛዎች) በሙሉ አንድ ፎልደር ውስጥ አድርጋችሁ፣ ያለ ኢንተርኔት ከዚያው ፎልደር እንዲጭን አዘጋጁት። የዊል ፋይሉ ከፓይተኑ ቨርዥን ጋር መግጠም አለበት፤ ለ3.8 የወረደው 3.9 ላይ እምቢ ይላል። ስለዚህ ፓይተኑም ራሱ ፎልደሩ ውስጥ ይግባ፤ «ያላችሁን ተጠቀሙ» አይባልም።

ፎልደሩን በቴሌግራም ልቀቁ፤ መስመር ለሌለው ደግሞ በፍላሽ ይሂድ። ከማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው አውቶቡስ ቡሬን፣ ፍኖተ ሰላምንና እንጅባራን ያልፋል፤ ለየከተማው አንድ አንድ ፍላሽ፣ የንግግሮቹም ቪዲዮ አብሮበት፣ ከጉባኤው አንድ ሳምንት በፊት ቢላክ በየቦታው አንድ ተቀባይ ገልብጦ ያድላል። 64 ጊጋ ፍላሽ ሁሉንም ይይዛል። ፎርማቱ ኤክስፋት ይሁን፤ ፋት32 ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም።

በየከተማው ቤተ ሙከራ ካለ በጤና ቢሮው መመሪያ መሠረት ጥቂት ሰው ተራርቆ፣ ጭንብል አድርጎ፣ መስኮት ተከፍቶ መከታተል ይችላል፤ ቪዲዮው እዚያው ማሽን ላይ ስላለ መስመሩ ለጥያቄ ብቻ ይውላል።

ከርቀት የሚሳተፉት በአንድ ዙም ከ25 አይብለጡ፤ ለየ8 ሰው አንድ ረዳት ይኑር። ረዳቱ የተቸገረውን ወደ ብሬክአውት ሩም (ዙም ውስጥ ወዳለ የተለየ ክፍል) ይዞ ይሄዳል፣ አሠልጣኙ አይቆምም። መቶ ሰው ከተመዘገበ ያንኑ ሥልጠና አራት ጊዜ ድገሙት እንጂ አታጭቁት። አሠልጣኙ የኮዱን ፊደል መጠን ቢያንስ 20 ያድርግ፤ በስልክ የሚያየው ከዚያ በታች አይታየውም። የኔትወርኩን ሥልጠና ኔትወርክን በኮምፒውተር በሚያስመስለው ፓኬት ትሬሰር አድርጉት፤ ፋይሉን ልኮ ያለ ኢንተርኔት መሥራት ይቻላል። ፕሮግራሙ ግን የሲስኮ አካዳሚ አካውንት ስለሚጠይቅ ምዝገባው ቀደም ብሎ ይለቅ።

ጮቄ_ኔት
የካቲት 11

ስለ መብራቱ፦ ላፕቶፑ የራሱ ባትሪ አለው፤ ቀድሞ የሚሞተው ራውተሩ ነው። አብዛኛው ራውተር 12 ቮልት ነው፤ ከአዳፕተሩ ላይ አንብቡ። 12 ቮልት 1 አምፒር ከሆነ ቢበዛ 12 ዋት ይበላል። 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት የሆነ ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ግማሹን ብቻ ብንጠቀም እንኳ ከ3 ሰዓት ተኩል ያላነሰ ያሠራዋል። ባትሪው ሙሉ ሲሆንና ቻርጅ ላይ ሲውል ከ13 ቮልት በላይ ስለሚወጣ በቀጥታ አትሰኩት፤ መሐሉ 12 ቮልት የሚያወጣ ሬጉሌተርና 2 አምፒር ፊውዝ ይግባ። ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ እንዳይገለበጥ ከመሰካታችሁ በፊት በመለኪያ ለኩ።

ይህ ሁሉ ግን ዋጋ የሚኖረው መስመሩ እስከ ውጭ ድረስ ኃይል ካለው ነው። በካምፓስ ውስጥ ስዊቹ (የኔትወርክ መስመሮቹን የሚያገናኘው መሣሪያ) ሌላ ሕንፃ ላይ ከሆነና እሱ ከጠፋ የእናንተ ራውተር መብራቱ እየበራ ኢንተርኔት አይኖረውም። አሁኑኑ ቆጣሪውን አጥፍታችሁ ሞክሩት፤ ከዚያ ስዊቹ ያለበትን ክፍል የሚያስተዳድረውን ሰው አግኝታችሁ ዩፒኤሱ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ጠይቁ። ጀነሬተር ካለ ክፍለ ጊዜው ከመጀመሩ በፊት ይነሣና ይቆይ፤ መብራት እስኪጠፋ አይጠበቅ። ከማይኩ ክፍልም ራቅ ይበል።

አወያዩ አጠገብ ዳታ የተሞላ ስልክ ይኑር፣ ዙምም ስልኩ ላይ ቀድሞ ገብቶ ማይኩም ስፒከሩም ተዘግቶ ይጠብቅ። መስመሩ ሲቋረጥ ማይኩን ስልኩ ላይ መክፈት ብቻ ነው የሚቀረው። ያም ካልሆነ ጀርመን ያለው ሰው የሚቀጥለውን ንግግር ቪዲዮ ያስነሣል፤ 18 ደቂቃ አገኛችሁ ማለት ነው። ይህን ቅደም ተከተል መጋቢት 18 ላይ ሙሉ ቡድኑ ባለበት፣ ሆን ብላችሁ ገመዱን ነቅላችሁ ልምምድ አድርጉበት።